ወፍ ዋሻ በእግር፦ አስጎብኚው ድንቅ፣ ቡድኑ ግን በጣም በዛ

ባለፈው ኅዳር አንድ እሁድ ከደብረ ብርሃን ተነስተን ወፍ ዋሻ ደን ገባን። አስጎብኚ ያለው የቡድን ጉዞ ነው፤ ትራንስፖርትና ምሳ ዋጋው ውስጥ አለ። በአጭሩ ደኑን ሂዱና እዩት፣ ግን ስንት ሰው እንደሚሄድ ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ።

12 ሰዓት እንነሳለን ተብሎ የወጣነው 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የቀመሰ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አዘጋጆቹ "ከ15 ሰው አንበልጥም" ብለውን ነበር። ስንቆጠር 43 ሆንን።

ደኑ ውስጥ ስትገቡ ግን ብርዱም ንዴቱም ይረሳል። ከላይ ደጋው ላይ አስታና ጅባራ ነው፣ ቁልቁል ስትወርዱ ኮሶው፣ ጥዱ፣ ዝግባው እየተከታተለ ይመጣል፣ የዛፍ ሽበት ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል። አንድ ጥድ ለሦስት ሆነን ብንይዘው እጃችን አልገናኝ አለ።

አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነው፤ በየዛፉ ስር እያስቆመ ያስረዳል። ወንዴና ሴቴ ኮሶ ለየብቻ የቆሙ ዛፎች መሆናቸውን እኔ አላውቅም ነበር። ቀላ ያለ አበባ የተንዠረገገበትን አሳየንና "ለኮሶ ትል የሚጠጣው የዚህችኛዋ ነው" አለን። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመናገሻ ደን ዘሩን ያስወሰዱት ከዚህ ነው ይባላልም አለን። ትንሽ ወረድ ብለን ደግሞ ገና ያልደረቀ የዝግባ ጉቶ አሳየን። ለጣውላ ተቆርጦ ነው። ለእነዚህ ልጆች የምንከፍለው ብር ምን እንደሚሠራ ያኔ ገባኝ፤ ዛፉ ቆሞ እንጀራ ካላበላ የሚቆርጠው አይጠፋም።

ጉሬዛዎቹን ያየናቸው ለግማሽ ደቂቃ ነው። ከኋላችን የነበሩት ስፒከር ከፈቱ፣ በቃ፣ ነጭ ጭራቸውን እያውለበለቡ ጠፉ። ገደሉ አፋፍ ላይም እንዲሁ ሆነ። በአንኮበር ስም የምትጠራ ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም፣ የተገኘችውም በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፣ የምትኖረው በዚህ ገደላገደል ነው። አስጎብኚው እሷን ሊያሳየን ዝም እንድንል ሁለት ጊዜ ለመነን። ሙዚቃው አልቆመም፣ አዘጋጆቹም አንድ ቃል አልተናገሩም። በጣም ነው ያዘንኩት። ከቦታቸው ያልተነቃነቁት ጭላዳዎቹ ብቻ ናቸው፣ ሣራቸውን እየነጩ ቀጠሉ።

ምሳው ሽሮና ጎመን ነበር፣ ደህና ነው። የገብስ ቆሎና በቂ ውሃ ያዙ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል፣ የማያንሸራትት ጫማ የግድ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ።

ስንመለስ አስጎብኚው እኛ የጣልነውን ፕላስቲክ በማዳበሪያ ሲለቅም አገኘሁት፣ አብሬው ለቀምኩ፣ ስልኩንም ተቀበልኩ። ከጥምቀት በኋላ ስምንት ሰው ብቻ ሆነን ከእሱ ጋር እንሄዳለን። ሦስት ቦታ ይቀረናል፤ ደን ውስጥ ዝም ብሎ መሄድ የሚወድ ይጻፍልኝ።