እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ጋዜጠኝነት ወይስ መምህርነት? የዲፓርትመንት ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት

የፍሬሽማን ዓመት ሊያልቅ ሲል የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ይመጣል። በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ሕግ፣ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ የላይኞቹን ረድፎች ይይዛሉ። እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከታች ይጻፋል። ከዚያ ግሬዱ ያልበቃለት ተማሪ “ተመደብኩ” እያለ ይገባበታል። ይህ ያሳዝነኛል። ወድዶት ለገባ ሰው ጥሩ ትምህርት ነው፤ ሳይፈልገው ለገባ ደግሞ ከባድ ሦስት ዓመት ነው።

እንግሊዝኛ የሚወድ ተማሪ በእውነት የሚያመነታው በሦስት መንገዶች መካከል ነው። እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ የእንግሊዝኛ መምህርነት። ጎን ለጎን እንያቸው።

ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ብዙዎች ሥነ ጽሑፍ የሚገቡት “እንግሊዝኛዬ ይሻሻልልኛል” ብለው ነው። ይሻሻላል። ግን ዲፓርትመንቱ የቋንቋ ማሠልጠኛ አይደለም። ሊንጉስቲክስ (የቋንቋ ሳይንስ) አለ፣ ፎነቲክስ (የንግግር ድምፆች ጥናት) አለ፣ አጭርና ረጅም ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ድራማ፣ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ፣ ሂስ አለ። መጨረሻ ላይ ሲኒየር ኢሴይ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ይጻፋል። ይህ ሁሉ በንባብ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። መምህሩ ከአንድ አጭር ልብ ወለድ አንድ አንቀጽ ያወጣል እንበል። አባት ከልጁ ሠርግ ወደ ቤት ይመለሳል። ኮቱን ይሰቅላል፣ ሻይ ይጠይቃል፣ ይቀመጣል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ጥያቄዎቹ ከዚህ ይጀምራሉ። ስለ ሠርጉ ለምን ምንም አልተናገረም? ሻዩን የጠየቀው ማንን ነው? ቤት ውስጥ ማን ቀርቷል? ይህን የሚተርክልን ማን ነው፣ ምን ደብቆናል? “እንደዚህ ይመስለኛል” አይበቃም። ከአንቀጹ መስመር እየጠቀሱ ማስረዳት ያስፈልጋል፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጽሑፍ።

ያው ሠርግ ጋዜጠኝነት ክፍል ቢገባ ጥያቄው ሌላ ይሆናል። የአዳራሽ ኪራይ ለምን ጨመረ? ማንን አናገርክ? ባለቤቱ ምን አለ? ሙሽሮቹስ? ቁጥሩን ከየት አመጣኸው? እስከ 11 ሰዓት ጽፈህ አስገባ!

የመምህርነት ተማሪ ደግሞ ያንኑ አንቀጽ ይዞ 60 ልጅ ያለበት ዘጠነኛ ክፍል እንዴት እንደሚያስተምር ያቅዳል። የትኛው ቃል አስቀድሞ ይብራራ? ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ምን ይሥሩ? እንዴት ይፈተኑ?

እኔ ለማንም የምመክረው መለያ ይሄ ነው። ከሦስቱ ጥያቄዎች የትኛው አጓጓችሁ? ስለ አባትየው ዝምታ ማሰብ ካላጓጓችሁ ሥነ ጽሑፍ አትግቡ። የማያነብ ሰው እዚያ ሲገባ በሾርት ኖት ያልፋል፣ ይመረቃል፣ ግን ይዞት የሚወጣው ነገር የለም።

ሥራው ላይስ?

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ወላጆችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

“የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ” ወይም “የኮሙኒኬሽን ባለሙያ” የሚል የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ። የትምህርት ደረጃ የሚለው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ጋዜጠኝነት፣ ኮሙኒኬሽን፣ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ “ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ” ይላል። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ ማመልከት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ “እስኪ የሠራኸውን አሳየን” ሲባል። የጋዜጠኝነት ምሩቅ የሠራው ዜና፣ የቀዳው ድምፅ፣ ያቀናበረው ቪዲዮ አለው፤ ኮርሱ ራሱ ያሠራዋል። የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ እጅ ላይ ያለው ሲኒየር ኢሴይ ነው፤ ያንን ቀጣሪ አያነብም።

ይህን ክፍተት መሙላት ይቻላል፤ ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ መጀመር አለበት። የግቢው ክበብ መጽሔት ካለው ጻፉ። ከሌለው አቋቁሙ። ለበጎ አድራጎት ማኅበራት አጫጭር ሪፖርቶችን በነጻ ተርጉሙ፣ አርሙ። ሲመረቁ አሥር ጥሩ ጽሑፎች ያሉት የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ፣ በጽሑፍ ፈተና ላይ በቀላሉ የሚሸነፍ አይመስለኝም። ረጅም ነገር አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣትና በንጹሕ ቋንቋ መጻፍ የለመደው ሥራው ነውና።

አዲስ አበባ ለዚህ ሙያ የተለየች ከተማ ናት። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. እዚህ ተቋቁመዋል። በዙሪያቸው ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተሰብስበዋል። ሪፖርት፣ ቃለ ጉባኤና የፕሮጀክት ሐሳብ በእንግሊዝኛ የሚጻፍበት ቦታ ብዙ ነው። ውድድሩም በዚያው ልክ ነው። እዚያ ለመግባት እንግሊዝኛ ብቻ አይበቃም፤ ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ መጨመር፣ ወይም የመረጃ ትንተናን የመሰለ ሌላ ክህሎት መያዝ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ትርጉምስ ገበያ አለው? ጎግል ትርጉም አማርኛን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዛሬ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ፕሮግራሞች ገጹን በሰከንድ ያወጡታል። ቀላሉ ትርጉም ዋጋው ወርዷል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ማሽኑ ያወጣውን የሚያርም፣ ውልና የሕክምና ወረቀት ላይ ስሕተት የሚይዝ ሰው ግን አሁንም ይፈለጋል። ውጭ አገርም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ለፍርድ ቤትና ለሆስፒታል አስተርጓሚነት ግን የራሱ ሥልጠናና ፈተና አለው፤ ዲግሪው ብቻ በር አይከፍትም።

መምህርነትን ሰዎች ይንቁታል። እኔ ከሦስቱ ቀጥ ያለው መንገድ እሱ ነው እላለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር ጥሩ የእንግሊዝኛ መምህር ሁሌም ይፈለጋል። የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ቤት ለቤት ማስጠናት አለ፣ የአይልትስና የቶፍል፣ ማለትም ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች፣ ዝግጅት አለ። ደሞዙ የሚያጠግብ አይደለም፤ ብዙ መምህር ኑሮውን የሚደጉመው በማስጠናት ነው። ማስተማር ከወዲሁ ከፈለጋችሁ እንደ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ያለ ለመምህርነት የሚያዘጋጅ ቦታ ይሻላችኋል። ሥነ ጽሑፍ ተምሮ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር የፈለገ ሰው ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ዲፕሎማ ጨምሮ መማር ሊጠበቅበት ይችላል። ይህ ተጨማሪ ጊዜ ነው፤ ከአሁኑ ቁጠሩት።

ማስተርስ ለሚያስብ ሰው ሥነ ጽሑፍ ሁለት በር አለው። አንዱ ሥነ ጽሑፉን መቀጠል፣ ሌላው ቴፍል፣ ማለትም እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር። ስኮላርሺፕ ላይ ዓይናችሁን ከጣላችሁ አንድ ነገር ያዙ፤ እንደ ቺቭኒንግ ያለው የእንግሊዝ ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ተመርቆ “ጥሩ ሥራ እስካገኝ” ብሎ ቤት የተቀመጠ ሰው እሱ ያመልጠዋል።

አራተኛ ምርጫ ልጨምር። ማንበብ የምትወዱ፣ ነገር ግን ልባችሁ አማርኛ ላይ የሆነ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ፎክሎርን ዕዩ። ሥራው ጠበብ ይላል። በምርምር በኩል ግን አገራችን ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ሐምቡርግና ኔፕልስ የኢትዮጵያ ጥናት የሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሏቸው።

የመውጫ ፈተናና ፈቃድ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ጥያቄዎቹ ከአማራጭ መልሶች መካከል የሚመረጥባቸው ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ኢሴይ ሲጽፍ የኖረ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሊንጉስቲክስና የሂስ ጽንሰ ሐሳቦችን ለብቻ መከለስ አለበት። ጎበዝ ጸሐፊ መሆን እዚያ ላይ አያድንም።

የግል ኮሌጅ ለምታስቡ፣ ኮሌጁ ፈቃድ አለው መባሉ አይበቃም። ፈቃድ የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። የምትማሩት ዲግሪ፣ በምትማሩበት ቅርንጫፍ፣ በምትማሩበት ዓይነት፣ ማለትም በመደበኛ ወይም በርቀት፣ መፈቀዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳታረጋግጡ ክፍያ አትፈጽሙ።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ሰው ማናገርና መሯሯጥ የምትወዱ፣ በቀነ ገደብ መሥራት የማይከብዳችሁ፣ ጋዜጠኝነት ግቡ። ቶሎ ገቢ ማግኘት ግድ የሆነባችሁ፣ ልጆችንም የምትወዱ፣ መምህርነትን ያዙ። ሥነ ጽሑፍን የምመክረው ሳይታዘዝ ለሚያነብ፣ ሁለተኛ ክህሎት ለመጨመር ለተዘጋጀና ከተመረቀ በኋላ አንድ ሁለት ዓመት መፈለግ ለማያስፈራው ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ።

ፎርሙ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ዲፓርትመንቱ ቢሮ ሂዱ። የኮርስ ዝርዝሩን ጠይቁ። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ ባለፈው ሴሚስተር ስንት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እንዳነበበ ጠይቁት። ከተፈቀደላችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጣችሁ አዳምጡ።