ለጉዞ ሚሆን ካርድ፦ የቱን ከየቱ ጋር?

ሰንጋ ተራ የባንክ ዋና መስሪያ ቤት እንደ አሸን ፈልቷል፣ ንግድ ባንክ ንብ ዘመን ኅብረት ሁሉም እዛው ተኮልኩለዋል፣ ስለዚህ የዶላር ካርድ ለማውጣት ታክሲ ሳይዙ ካንዱ ወዳንዱ በእግር መዞር ይቻላል። እኔ እንደዛ አድርጌ ነው ያወዳደርኩት።

መጀመሪያ ግን እንግባባ። ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆቹ በዚህ ካርድ ምግብ ብላ በዛኛው ነዳጅ ቅዳ ከዛ በነፃ ትበራለህ ሚሉት ነገር እኛ ጋ አይሰራም። እዚህ ለተጓዥ ሚሰጠው ባብዛኛው ፕሪፔይድ ነው፣ የራሳችሁን ብር ዶላር አስደርጋችሁ ትሞሉበትና ያንኑ ትጠቀማላችሁ፣ ብድር ምናምን የለውም፣ በካርድ በከፈላችሁ ቁጥር ሚጠራቀም ነጥብም አለው ብላችሁ አትጓጉ። በየኤቲኤሙ ምትጠቀሙበት የብር ካርድማ አገር ውስጥ ነው ጉልበቱ፣ ኢትስዊች የሁሉንም ባንክ ኤቲኤም ስላገናኘው እዚህ የትም ይሰራል፣ ቦሌን ካለፋችሁ ግን እሱን እርሱት።

ለማውጣት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ነው ምትሄዱት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ባንኮቹ የዶላር ዋጋ ራሳቸው ስለሚያወጡ የአንዱ ከሌላው ይለያያል፣ ኮሚሽኑም እንደዛው። አንዱ ጋ ልጅቷ ዋጋውን ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ከዛ ካልኩሌተሩን አዙራ ኮሚሽኑን ደምራ ስታሳየኝ ጎረቤቱ ያለው ባንክ ይሻል ነበር። ስለዚህ "ዛሬ ስንት ገባ" ብቻ አትበሉ፣ "ሁሉ ነገር ተደምሮ አንዱ ዶላር ስንት ይመጣብኛል" በሉ።

አሁን ወደ ቅልቅሉ። የኔ ምርጫ አንድ ቪዛ ካርድ፣ አንድ ማስተርካርድ፣ ከሁለት የተለያየ ባንክ፣ ትንሽ ደሞ ካሽ። ሁለት ባንክ ያልኩት ለጌጥ አይደለም፣ ሁለቱም ካርድ ከአንድ ባንክ ከሆነ የባንኩ ሲስተም የተኛ ቀን አብረው ነው ሚተኙት።

ዱባይ ላይ ብዙ ሀበሻ ሚሸወደው ሱቅ ውስጥ በካርድ ሚከፈልበት ፖስ ማሽን ጋ ነው። ካርዱን ስታስገቡ በድርሃም ይሁን በዶላር ብሎ ይጠይቃል፣ ሰው ዶላሩን ስለሚያውቀው ዶላር ይነካል፣ ወይ ሻጩ ራሱ ሳይጠይቅ ይነካለታል። ድርሃም ከዶላር ጋ የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር 3.6725 ድርሃም፣ ለአመታት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የ1,000 ድርሃም እቃ 272 ዶላር ገደማ መሆን አለበት። ማሽኑ 283 ወይ 285 ካሳያችሁ ልዩነቱ ለነሱ የቀረበ ጉርሻ ነው፣ ሰርዝ አስብላችሁ በድርሃም ድገሙት። ኤቲኤም ላይም ያው ጥያቄ ይመጣል መልሱም ያው ነው።

ሆቴል ላይ ደሞ ፕሪፔይድ ደካማ ነው፣ እዚህ ጋ ከአምስት ሁለት ነው ምሰጠው። ስትገቡ ለመያዣ ብለው ካርዱ ላይ ካለው ገንዘብ ያስራሉ፣ ክሬዲት ካርድ ቢሆን የሚታሰረው ከብድር ጣሪያው ነው፣ የናንተ ግን የገበያ ብራችሁ ነው። እኔ ያረፍኩበት አንድ ሆቴል ከወጣሁ በኋላም ቶሎ አልለቀቀልኝም፣ ስደውል ባንክህን ጠይቅ፣ ባንክ ስጠይቅ ሆቴሉን ጠይቅ። ለዚህ ነው ካሹ፣ መያዣውን በካሽ ትቀበላላችሁ ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። መኪና ልከራይ ምትሉ ደሞ ብዙዎቹ ስማችሁ ያለበት ክሬዲት ካርድ ካልሆነ አናይም ስለሚሉ ዝም ብላችሁ አትድከሙ።

ጓንዡ ምትሄዱ ነጋዴዎች፣ እዛ ካርድ መዘርጋት ብዙም አያስኬድም፣ ሁሉም በስልክ ነው፣ አሊፔይ ሚባለው የቻይና የስልክ መክፈያ አፕ ላይ ቪዛ ወይ ማስተርካርድ ማስገባት ይቻላል። ከ200 ዩዋን በላይ ስትከፍሉ ግን 3 በመቶ ይቆርጣል፣ ለምሳና ለታክሲ አሪፍ ነው ለጅምላ እቃ አይሆንም። ካርዱን እዚሁ አዲስ አበባ ሆናችሁ አስገብታችሁ ሞክሩት፣ ማይቀበላቸው ፕሪፔይድ ካርዶች አሉ፣ ማረጋገጫ ኮዱም ሚመጣው በኢትዮጵያ ስልካችሁ ነው።

ነጥቡስ? የኛ ነጥብ ከካርዱ ሳይሆን ከበረራው ነው። ሼባማይልስ፣ ማለትም ስትበሩ ማይል ሚባል ነጥብ ሚጠራቀምበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሮግራም፣ በነፃ ነው ምትመዘገቡት፣ ትኬት ስትቆርጡ የአባልነት ቁጥሩን አስገቡ፣ በቃ። አየር መንገዳችን ከ2004 ጀምሮ ስታር አሊያንስ ሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ስላለ በቱርኪሽ ወይ በሉፍታንዛ ስትበሩም ያንኑ ቁጥር መስጠት ትችላላችሁ፣ ትኬቱ ርካሽ ከሆነ ማይሉ ቀጭን መሆኑን ግን እወቁ። ማይሉ ካልገባላችሁ መጠየቅ ይቻላል፣ ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ። ይሄ ነገር ከአምስት አራት ተኩል፣ ብዙ ሰው ግን የቁጥሩን ቦታ ባዶ ትቶ ነው ሚበረው፣ ያናድደኛል።

አሜሪካ ወንድም እህት ያላችሁ ደሞ ይሄን ላኩላቸው። ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ ሚባለው የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ በአመት 95 ዶላር ያስከፍላል ግን ውጭ አገር ሲጠቀሙበት ተጨማሪ አይቆርጥም፣ ነጥቡም አንድ ለአንድ ወደ ዩናይትድ አየር መንገድ ማይል ይዞራል፣ ዩናይትድ ደሞ ስታር አሊያንስ ነው፣ በሱ ማይል የኢትዮጵያን በረራ መቁረጥ ይቻላል። አዲስ አበባ ሲመጡ ግን ትልልቅ ሆቴልና ሱፐርማርኬት ካልሆነ ካርዱን ብዙም አያወጡትም፣ መርካቶ ላይ በካሽ ወይ በቴሌብር ነው።