የስታዲየም ኮንሰርት መድረክ፦ ባለጣሪያ፣ ጣሪያ አልባ ወይስ መሀል ሜዳ?

የስታዲየም መድረክ የሚሸጠው በሥዕል ነው። ንድፍ አውጪው ጭስና ብርሃን የሞላበት የሌሊት ምስል ያሳያል፣ ባንዱ ይወደዋል፣ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል። ብረቱ በስንት ቀን እንደሚተከልና እንደሚነቀል፣ ንፋስ ሲነሳ ማን ምን እንደሚያወርድ ግን ሥዕሉ ላይ የለም። እዚህ ሦስቱን የመድረክ ዓይነቶችና በላያቸው የሚያርፈውን ጌጥ የምናወዳድረው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። አቋማችን አስቀድሞ ይታወቅ፦ መድረክ መመረጥ ያለበት ከቱሩ፣ ማለትም ባንዱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ከሚያቀርበው ተከታታይ ኮንሰርት፣ የጉዞ ሰሌዳ ተነስቶ ነው። ለመድረክ ሲሉ ሰሌዳቸውን መቀየር የሚችሉት እጅግ ጥቂት ባንዶች ናቸው።

ሦስቱ ዓይነቶች

ባለጣሪያው በሜዳው አንድ ጫፍ ይቆማል። ከተጠላለፉ የብረት ዘንጎች የተሠራው ጣሪያው (ትራስ ይባላል) በማማዎች መካከል በሰንሰለት ሞተር ይወጣል፣ ከላዩ ሸራ ይለብሳል። ትልቁ ጥቅሙ በኪራይ መገኘቱ ነው፤ ተመሳሳይ ጣሪያ በብዙ አገር ስላለ ቱሩ የራሱን መብራት፣ ስክሪንና ጌጥ ብቻ ይዞ ይሄዳል። የመሐንዲሱ ስሌትም አብሮት ይመጣል። ዝናብ ቢጥል መሣሪያው አይረጥብም። በሌላ በኩል ማማዎቹ በጎንና በላይኛው ወንበር የተቀመጠውን ተመልካች ይጋርዱታል። የሚሰቀለው ክብደት በጣሪያው አቅም የተገደበ ነው። በዚያ ላይ መልኩ ከማንም ባንድ መድረክ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩ ለማድረግ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ቀስ በቀስ የራስ መድረክ ወደማሠራት ይጠጋል።

ጣሪያ አልባው በመሠረቱ ትልቅ ግድግዳ ነው። ከኋላ ስካፎልድ (ለግንባታ የሚተከል የብረት መወጣጫ)፣ ፊቱ ላይ ስክሪን ወይም የተቀረጸ ጌጥ፣ ሙዚቀኞቹ ከፊቱ ሰማይ ሥር። የአየርላንዱ ሮክ ባንድ የዩቱ መድረኮች ጥሩ ማሳያ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ፖፕማርት በተባለው ቱር ወደ 52 ሜትር ስፋትና 17 ሜትር ቁመት ያለው የኤልኢዲ ስክሪን ይዘው ዞሩ፤ በ2017 ደግሞ ወደ 61 ሜትር በ14 ሜትር የሚሆን ሌላ። የሚጋርድ ማማ ስለሌለ ከጎን የሚሸጠው ወንበር ይበዛል። ዋጋውን ግን በሌላ በኩል ይከፈላል፦ ከበሮውም፣ ኪቦርዱም፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑም የየራሱ የዝናብ መከላከያ ይፈልጋል። የሙዚቀኞቹን ፊት የሚያበራው መብራት የሚሰቀልበት ጣሪያ ስለሌለ ከፊት ለፊት ማማ ላይ መምጣት አለበት። ግድግዳውም የመርከብ ሸራን ያህል ንፋስ ይይዛል። ወደዚህ እንመለስበታለን።

የመሀል ሜዳው ከሁሉም ይከብዳል። ከ2009 እስከ 2011 የዞረው የዩቱ 360 ቱር አራት እግር ያለው፣ 50 ሜትር ገደማ የሚረዝም ብረት ነበረው። ዊሊ ዊሊያምስና ማርክ ፊሸር ነድፈውት 110 ዝግጅት አስተናግዷል። የአሜሪካው ሄቪ ሜታል ባንድ ሜታሊካ በ2023 የጀመረው ኤም72 ቱር ሌላ መንገድ መረጠ፦ መድረኩ ቀለበት ነው፣ መሀሉ ላይ ተመልካች ይቆማል፣ ስክሪንና ድምፁ ዙሪያውን በቆሙ ስምንት ማማዎች ላይ ነው። የመሀል ሜዳ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ከመድረክ ጀርባ ባዶ የሚቀር የስታዲየም ክፍል የለም፣ ትኬቱም ይጨምራል። ነገር ግን መሣሪያ የሚደበቅበት ጀርባ ስለማይኖር ሠራተኛ፣ ኬብልና የልብስ መቀየሪያ ሁሉ ከመድረኩ ሥር ይገባል። ይህም መድረኩን ሰው ጎንበስ ብሎ እንኳ የሚሠራበት ከፍታ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ከ2 ሜትር በታች ሲሆን ሥር ያለው ሥራ በጣም ይጓተታል።

ሰሌዳው ምን ይፈቅዳል?

አንድ ትልቅ የብረት መድረክ ለመትከል 4 ቀን፣ ድምፅ፣ መብራትና ስክሪን ለመስቀል 1 ቀን፣ ለዝግጅቱ 1 ቀን፣ ለነቀላ 2፣ ለመጓጓዣ 2 ቀን እንበል፤ ድምሩ 10 ቀን ነው። አንድ መድረክ ብቻ ያለው ቱር በ10 ቀን አንድ ከተማ ይጫወታል። ሁለት ካሠራ በየ5 ቀኑ፣ ሦስት ካሠራ በየ3 ወይም 4 ቀኑ። የዩቱ 360 ብረት በሦስት ቅጂ የተሠራው ለዚህ ነው፤ አንዱ ላይ ሲዘፈን ሁለተኛው ይተከላል፣ ሦስተኛው ይነቀላል ወይም መንገድ ላይ ነው። ድምፁ፣ መብራቱና ስክሪኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስብስብ ብቻ ነው፤ ዝግጅቱ ባለቀበት ሌሊት ተጭኖ ወደሚቀጥለው ከተማ ይነዳል። ስለዚህ ብረቱ ሦስት ቢሆንም ከተሞቹ በመኪና ከአንድ ቀን በላይ ከተራራቁ ትርፉ ይጠፋል።

ወጪውን የሚያቃልለው ሌላው መንገድ በአንድ ከተማ ሁለት ሌሊት መጫወት ነው። ኤም72 የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ በየከተማው ሁለት ሌሊት፣ ዘፈን ሳይደገም። አንዱ ተከላ ሁለት የትኬት ሽያጭ ይሸከማል። የመሀል ሜዳ መድረክ የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በየከተማው ሁለት ሌሊት መሸጥ እንችላለን?» ብሎ ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ ንድፉ ምንም ያህል ቢያምር አንመክረውም።

ጌጥ ሰሌዳን እንዴት እንደሚያስር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ በ1980 እና 1981 ያሳዩት ግንብ ነው። ጡቦቹ ካርቶን ነበሩ፤ ዝግጅቱ እየተካሄደ በሠራተኞች ይገነባና በመጨረሻ ይፈርሳል። የታየውም በአዳራሽ ውስጥ፣ በአራት ከተሞች ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ጣሪያ አልባው ብዙዎች የማያስተውሉት ብልጫ አለው። የግድግዳው አጥንት ተራ የግንባታ ሞጁላር (ተገጣጣሚ) ስካፎልድ ሊሆን ስለሚችል በየአገሩ ተከራይቶ ቀድሞ ይተከላል፤ የሚጓዘው ላዩ ብቻ ነው። ጥንቃቄው፦ የተለያዩ አምራቾች ስካፎልድ መጋጠሚያ ተመሳሳይ ቢመስልም ማደባለቅ አይቻልም። ስሌቱ የተሠራበት ምርት ከሌለ መሐንዲሱ እንደገና ያስላ።

ንፋስ

የንፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ወስዶ ካሬውን በ0.613 ማባዛት ግፊቱን በፓስካል ይሰጣል። በሰከንድ 20 ሜትር ሲነፍስ 245 ፓስካል፣ 25 ሜትር ሲሆን 383 ፓስካል። 16 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ ስክሪን 144 ካሬ ሜትር ነው፤ በ20 ሜትር በሰከንድ 3.6 ቶን ያህል ይገፋል፣ በ25 ደግሞ 5.6 ቶን። ፍጥነቱ በሩብ ሲጨምር ግፊቱ ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ጠፍጣፋ ነገር ንፋስን ስለሚገታ በቅርጹ ምክንያት 1.3 ገደማ ይባዛበት፤ በ20 ሜትር በሰከንድ 4.7 ቶን ይሆናል።

የስክሪኑ መሀል ከመሬት 10 ሜትር ላይ ቢሆንና የስካፎልዱ መሠረት 6 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ እንዳይገለበጥ ለመያዝ 15.6 ቶን ያስፈልጋል፤ በ1.5 የደህንነት ብዜት 23.4 ቶን። ስክሪኑና ስካፎልዱ ራሳቸው 10 ቶን ቢመዝኑ የቀረውን ለመሙላት 1,000 ሊትር የሚይዙ 14 የውሃ ታንኮች ይፈለጋሉ። መንሸራተትም ለብቻው ይሰላል፤ ከሥር ያለው ንጣፍ ፕላስቲክ ሆኖ ከረጠበ ክብደቱ ለመገልበጥ ቢበቃም ለመንሸራተት ላይበቃ ይችላል። ይህ ስሌት ዋጋ ለማወዳደር ነው፤ የሚተከለው ግን መሐንዲስ በፈረመበት ቁጥር ነው።

በነሐሴ 2011 አሜሪካ ውስጥ በኢንዲያና ስቴት ፌር የጊዜያዊ መድረክ ጣሪያ ወድቆ 7 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው እንዳሳየው የጎን ንፋስን መያዝ የነበረባቸው ካቦዎችና የኮንክሪት ብሎኮች አቅማቸው በቂ አልነበረም። በ2012 ቶሮንቶ ውስጥ የወደቀው ጣሪያ ደግሞ ዝግጅቱ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነበር፤ አንድ የከበሮ ቴክኒሺያን ሞተ። ጣሪያም ግድግዳም የሚገዛ ሰው እነዚህን ሁለት ቀኖች ሊያስታውስ ይገባል።

ሲወዳደሩ ባለጣሪያው የጎን ሸራዎቹን በፍጥነት ማውለቅ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ጣሪያውን ማውረድ ይችላል፤ ጣሪያ አልባው ግድግዳ አይወርድም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ለከፍተኛ ንፋስ መሠራት አለበት፣ ወይም ስክሪኑ በሞተር የሚወርድ ይሁን። የሰንሰለት ሞተር በብዛት በደቂቃ 4 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፤ 12 ሜትር ለማውረድ ኬብል ካልተጠላለፈ 3 ደቂቃ። ቀዳዳ ያለው ስክሪንና የመረብ ሸራ ግፊቱን ይቀንሳሉ፣ ነገር ግን ቅናሹን በስሌቱ ውስጥ መቁጠር የሚቻለው አምራቹ የተለካ ቁጥር ካቀረበ ብቻ ነው።

የንፋስ መለኪያው ከመድረኩ ከፍተኛው ቦታ ላይ ይቀመጥ። በየትኛው ፍጥነት ሥራ እንደሚቆም፣ በየትኛው እንደሚወርድ፣ በየትኛው ሰው እንደሚወጣ፣ ትዕዛዙንም የሚሰጠው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይኑር። ትዕዛዝ ሰጪው የትኬት ገንዘብ የሚያሳስበው ሰው መሆን የለበትም።

ስክሪን ወይስ የተቀረጸ ጌጥ?

ስክሪን በየዘፈኑ መልኩን ይቀይራል፤ የቀን ብርሃን ግን ጠላቱ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሚጀመር ዝግጅት ቢያንስ 5,000 ኒት (የስክሪን ብርሃን ጥንካሬ መለኪያ) የሚያበራ ያስፈልጋል፤ ለአዳራሽ የተሠራ ስክሪን ሜዳ ላይ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ፕሮጀክተር ከጨለማ በፊት ፈጽሞ አይታሰብም። በፒክስል መካከል ላለው ርቀት የተለመደው መነሻ 1 ሚሊሜትር ለ1 ሜትር የእይታ ርቀት ነው። የመጀመሪያው ተመልካች 10 ሜትር ከራቀ 8 ሚሊሜትር ይበቃል። ወደ 4 ሚሊሜትር መውረድ የፒክስሉን ብዛት በአራት ያባዛል፤ ያው 16 በ9 ሜትር ስክሪን ከ2.25 ሚሊዮን ወደ 9 ሚሊዮን ይዘላል። ምስል አዘጋጁም፣ ሰርቨሩም፣ የመለዋወጫ ሳጥኑም አብሮ ያድጋል፤ 60 ሜትር ላይ ያለው ተመልካች ልዩነቱን አያየውም። ገንዘቡን ለብርሃን ጥንካሬና ለመለዋወጫ ፓኔል ማዋል ይሻላል። ክብደቱን በካሬ ሜትር 35 ኪሎ ብንወስድ ከ5 ቶን በላይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ፍላጎቱን በካሬ ሜትር 700 ዋት ብንወስድ በሙሉ ነጭ ላይ 100 ኪሎዋት ይጠጋል።

ከፎም ተቀርጾ ጠንካራ ልባስ የተቀባ ጌጥ በፀሐይም በጨለማም ያምራል፣ መብራት ሲያርፍበት ጥልቀት አለው። ችግሩ መጓጓዣ ነው። ጠርዙ ይሰበራል፣ ስለዚህ ጠጋኝና ቀለም የያዘ ሰው አብሮ ይጓዛል። የእሳት መከላከያ ምስክር ወረቀቱ ለፎሙ ብቻ ሳይሆን ከልባሱና ከቀለሙ ጋር ለተፈተነ ናሙና መሆኑን ያረጋግጡ።

በአየር የሚነፋ ቅርጽ በትልቀት ረገድ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ቤት የሚያህለው ነገር ጥቂት ሳጥን ውስጥ ይታጠፋል። ነፊው ሲቆም ይጎነበሳል፤ ሁለተኛ ነፊ በሌላ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ይኑር። መጀመሪያ የሚወርደውም እሱ ነው፤ የንፋስ ገደቡ ከብረቱ እጅግ ያነሰ ነው።

በሩ

የንድፍ ሁሉ መጨረሻ ልኬት የስታዲየሙ መግቢያና የጭነት ሳጥኑ ናቸው። የመደበኛ ኮንቴነር የውስጥ ስፋት 2.35 ሜትር፣ የበሩ ቁመት 2.28 ሜትር ነው። በጭነት መኪና ብቻ የሚዞር ጌጥ 2.4 ሜትር ሆኖ ቢሠራ ያለችግር ይሄዳል፤ ቱሩ ባሕር ሲሻገር ግን ኮንቴነሩ አያስገባውም። ስለዚህ ቁራጩ ከ2.3 በ2.2 ሜትር አይብለጥ። አውሮፓ ውስጥ የመኪና ቁመት በአብዛኛው እስከ 4 ሜትር ነው፤ መግቢያው ከዚያ ዝቅ ካለ ዕቃው ውጭ ወርዶ በፎርክሊፍት ይገባል፣ የተከላው ሰዓትም ይረዝማል። ክሬን ሣር ላይ የሚቆመው በወፍራም የአሉሚኒየም ንጣፍ ላይ ነው፤ ለመሀል ሜዳ መድረክ ይህ ንጣፍ እስከ መሀል ድረስ ስለሚዘረጋ የኪራዩ ወጪ ከባለጣሪያው በእጅጉ ይበልጣል።

ለማን የትኛው?

ከተሞቹ ብዙ፣ በየከተማው አንድ ሌሊት፣ አየሩም ዝናባማ ከሆነ ባለጣሪያውን ይከራዩ፤ ገንዘቡን ጌጡ ላይ ያውሉት። ምስል ለባንዱ ዋና ቋንቋው ከሆነና ሁለት የስካፎልድ ስብስብ ቀድሞ ማስተከል ከተቻለ ጣሪያ አልባው ይበልጣል፤ አብዛኛው ቱር እዚህ ቢያርፍ እንመርጣለን። የመሀል ሜዳው የሚያዋጣው ሁለት ሌሊት መሙላት ለሚችል ብቻ ነው።

ከመፈረም በፊት በጽሑፍ የሚጠየቁት፦ የእያንዳንዱ መስቀያ ነጥብ ጭነት፣ የማረጋጊያ ክብደቱ ብዛትና ቦታ፣ የንፋስ ዕቅዱ፣ የሞተሮቹ ደረጃ። በጀርመን አመዳደብ ዲ8 ሞተር ሁለተኛ መያዣ ካልታከለበት ሰው ላይ ጭነት ሰቅሎ አይቆምም፤ ዲ8 ፕላስ ቆሞ መያዝ ይችላል፤ ሰው ከሥሩ እያለ ማንቀሳቀስ የሚፈቀደው ለሲ1 ነው። ትርዒቱ መሀል የሚንቀሳቀስ ጌጥ ካለ ዋጋው በሲ1 ይሰላ።

ውሉ ከመጀመሪያው ከተማ በፊት ሙሉ የሙከራ ተከላን ያካትት። ሙከራው ላይ ነቀላውም በሰዓት ይለካ፤ ቁራጮቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በሚጫኑበት ቅደም ተከተል መኪና ላይ እስኪገቡ ድረስ። መጀመሪያ የሚተከለው ብረት መጨረሻ መጫን አለበት፤ ይህ ካልታየ በሚቀጥለው ከተማ ሠራተኛው የመጀመሪያውን ፒን ፍለጋ ሦስት መኪና ያራግፋል።