ሞተር ሳያስፈቱ የሙቀትን ምክንያት የሚያገኙ የሶማሌ ተራ ራዲያተር ሠሪዎች

አሮጌ ፒካፕ ያላችሁ ሰዎች፣ መኪናችሁ ሙቀት አብዝታ "ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይፈታ" ከተባላችሁ (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው)፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ውስጥ ያለች ጠባብ ራዲያተር ቤት ናት። ታፔላ የላትም። በሯ ላይ የተፈታታ ራዲያተር ተደርድሮ ታያላችሁ። ለዚች መኪና ካወጣሁት ብር ሁሉ ምንም ያልቆጨኝ እዚያ የከፈልኩት ነው።

መኪናዋ ሃይሉክስ ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1999 ስሪት፣ 5ኤል የሚባለው ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ያላት። ዕድሜዋን ስታስቡት ጎበዝ ናት። ከተማ ውስጥ፣ ትራፊክ ተዘጋግቶም ቢሆን፣ ችግር የለባትም። ወደ ጎጃም ስንሄድ ግን ከጎሃ ጽዮን ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ክሩስኮቱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ሽቅብ ይወጣል። አባይ በረሃ ታችኛው ጫፍ ላይ አየሩ ራሱ ይጋረፋል፣ ከዚያ ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ ከ1,000 ሜትር በላይ መውጣት አለ። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ረገጥ ሳደርጋትም እንደዚያው ነች። ውሃም ትጨርሳለች፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ግን አይታይም።

መጀመሪያ ያየልኝ ጋራዥ ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋውን) አውጥቶ ጣለው። ምንም ለውጥ ሲጠፋ "ውሃ የምትጠጣው ጓርኒሲዮኑ ስለተቃጠለ ነው" ብሎ የቴስታታ ዋጋ ነገረኝ። አንድም ነገር አልለካም። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፤ ቴስታታ መፍታት ማለት የቶርኖ ቤት ወጪ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ብዙ ቀን ያለ መኪና መቀመጥ ማለት ነው፣ ለሚሠራባት ሰው ደግሞ እንጀራው ነው የሚቆመው።

ራዲያተር ቤቱ ያሉት ጋሼ ገና ኮፈኑን ሳይከፍቱ "ቆማ ነው የምትሞቀው ወይስ እየሄደች?" አሉኝ። ለካ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ቆማ ወይም ትራፊክ ውስጥ ሞቃ፣ ስትሄድ ከቀዘቀዘች ጥርጣሬው ወደ ፋኑ ነው፤ ቺንጊያው ላልቷል፣ ወይም ፋኑ መሀል ላይ ያለው ሲሊኮን ዘይት የሚይዘው ክፍል ሞቷል። ቆማ ደህና ሆና ዳገትና ፍጥነት ላይ ከሞቀች ግን ጥርጣሬው ወደ ራዲያተሩ ነው፤ የሚመጣለትን ሙቀት አላወጣም።

ጓርኒሲዮኑንም ዝም ብለው አላለፉትም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው አስነሱኝና የራዲያተሩን አፍ ዝቅ ብለው አዩት። የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ቢሆን አረፋው ሳያቋርጥ ይመጣል። አልመጣም። ክዳኑን መልሰው የላይኛውን የውሃ ጎማ ጨበጥ አድርገው አዩ፣ ገና ሳይሞቅ አልጠነከረም። ዘይቱ ወተት አልመሰለም፣ ማለትም ውሃ አልተቀላቀለበትም። "ልጄ፣ ቴስታታህን ተወው" አሉኝ።

ውሃው ታዲያ የት ይሄዳል? ክዳኑ ነበር። 0.9 የሚል የግፊት መጠን የተጻፈበትን ክዳን በእጅ ፓምፕ ሲለኩት ግማሹን እንኳ ሳይዝ ለቀቀ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ110 በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ሲደክም ውሃው በጊዜ ይፈላና በትርፍ ማስወጫው እየተረጨ መንገድ ላይ ይቀራል፣ እኛ ደግሞ ሞተሩ ጠጣው እንላለን።

ራዲያተሩን ፈትተን ስንሰጣቸው የላይኛውን የናስ ታንክ ብየዳ በእሳት አቅልጠው ከፈቱት። ውስጡን ሳይ ደነገጥኩ። ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች አፋቸው በነጭ ድንጋይና በዝገት ተደፍኗል፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ተዘግተዋል። ለዓመታት ኩላንት (ዝገት የሚከላከለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ሞተር ነው። ስስ የብረት ዘንግ በየቱቦው እየሰደዱ አንድ በአንድ ጠረጉት፣ መልሰው በየዱት፣ ከዚያ አየር ሞልተው ውሃ በርሜል ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበት ቦታ ፈለጉ። ሁለት ቦታ ተገኘ፣ ተበየደ። ሁሉንም ፊታችሁ ነው የሚሠሩት፣ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ።

ዋጋው አዲስ የቻይና ራዲያተር ከሚጠየቅበት ከሲሶ በታች ነው። አዲስ ክዳን ገዛሁ፣ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፍት ቴርሞስታትም መልሼ አስገባሁ። ቴርሞስታት አውጥቶ መንዳት መፍትሔ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የባይፓሱን (ውሃው ራዲያተር ሳይነካ የሚዞርበትን) መንገድ የሚዘጋው እሱ በሆነበት ሞተር ላይ ስታወጡት ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ይገባል። አሁን ደጀንን ጭነት ይዤ ስወጣ መርፌዋ ከመሀል ዝቅ ብላ ትቆማለች።

ጉድለታቸውን ልንገራችሁ። ሞተሩን ውስጡን አያጥቡም፣ መካኒካችሁ ራዲያተሩን ከመግጠሙ በፊት ንጹህ ውሃ እስኪወጣ ያጥበው፣ አለዚያ የሞተሩ ዝገት ተመልሶ ቱቦውን ይደፍነዋል። አልሙኒየምና ፕላስቲክ የሆነ የአዲስ መኪና ራዲያተር በዚህ መንገድ አይሠራም፣ እሳቸውም አይቀበሉትም። መኪና ማቆሚያ አታገኙም፣ ስለዚህ ራዲያተሩን አስፈትታችሁ በታክሲ ውሰዱት፤ መኪናዋን ራሷን እንዲያዩላችሁ ከፈለጋችሁ ገና ሰው ሳይበዛ በጠዋት ድረሱ። ደረሰኝ አይሰጡም፣ የመሥሪያ ቤት መኪና የምታሠሩ ይሄን ቀድማችሁ እወቁት።