ለላብራቶሪው ጋሼ፦ «ፈንገስ አለ» ብለው ስላላቆሙ

ይህ ምስጋና ከስምንት ወር በፊት መጻፍ ነበረበት። ዘገየሁ፤ አንደኛ የአፌ ፈንገስ ይመለሳል ብዬ ስለፈራሁ፣ ሁለተኛ ስለ ራሴ ጥፋት ሳልናገር የሰውየውን ውለታ መናገር ስለማይቻል።

የማመሰግነው ሐኪም አይደለም። ሐኪሟም ድርሻዋ አላት፤ ከታች ይመጣል። የማመሰግነው ታካሚ ፊታቸውን የማያየው፣ ከናሙና መቀበያው መስኮት ኋላ የሚሠሩ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛልና ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚሁ ነው።

ከኤች አይ ቪ ጋር መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ብዙውን ጊዜ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል መድኃኒቴን ተውኩት። ስንፍናም ነበረበት፣ ሐዘንም ነበረበት፤ ይለፈኝ። ወደ ሕክምና ስመለስ ሲዲ ፎሬ፣ ማለትም በሽታ የሚከላከሉልኝ የደም ሴሎች ቁጥር፣ 64 ብቻ ነበር። በዚያ መሀል ምላሴ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፤ ሲፋቅ የሚነሳ፣ ሥሩ ቀልቶ የሚያቃጥል። ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሐኪም ሳልጠይቅ ፍሉኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ገዛሁ፣ በሦስት ቀን ጠራልኝ፣ በአራተኛው ቀን የቀረውን ፍሬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ሲመለስ ያንኑ አወጣሁ። ስድስት ጊዜ ይሁን ሰባት እንዲህ አደረግኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጊዜ ግን መድኃኒቱ ውኃ የጠጣሁበት ያህል እንኳ አልሆነም።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስሙ ይቅር። ከምላሴ ጠርገው በማይክሮስኮፕ አዩና «ፈንገስ አለ» አሉኝ። እሱንማ መስታወቱም ነግሮኝ ነበር። የተሰጠኝ ያው ፍሉኮናዞል ነው፣ መጠኑ ከፍ ብሎ። ሁለት ሳምንት ሳላጓድል ዋጥኩ፤ ያኔ ደግሞ ምራቄን መዋጥ ራሱ ደረቴ ድረስ ያመኝ ጀመር።

አሁን የምታክመኝ ሐኪም ያንን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ፈንገሱ ከአፍ ወደ ምግብ ቧንቧ ከወረደ ነገሩ ሌላ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የኤች አይ ቪ ሕመም ደረጃ አከፋፈል የአፉ ደረጃ 3 ሲሆን የምግብ ቧንቧው ደረጃ 4 ነው። ኢንዶስኮፒ (የምግብ ቧንቧን ውስጥ በካሜራ ማየት) ቀጠሮ ያዘችልኝ፤ እስከዚያው ደግሞ ከአፌ ናሙና ወስዳ «ካልቸርና የመድኃኒት ምርመራ» ብላ ጻፈችልኝ፤ ፈንገሱን የላብራቶሪ ሳህን ላይ አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት መፈተሽ ማለት ነው። የጋሼና የእኔ ትውውቅ በዚያች ወረቀት ተጀመረ።

በሁለተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም።

«ልጄ፣ ናሙና የሰጠህ ዕለት ጠዋት አፍህን በምንድን ነው የተጉመጠመጥከው?»

በኒስታቲን ነበር፤ እሱም የፈንገስ መድኃኒት ነው። የሚያቃጥለኝን ለማስታገስ።

«ይኸው! በማይክሮስኮፕ አያታለሁ፣ ሳህኑ ላይ አትበቅልም። ነገ ሳትጉመጠመጥ ና።»

ልብ በሉ፤ «አልበቀለም» ብለው ውጤቱን ቢልኩት ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እኔም ንጹሕ ነህ ተብዬ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ። ናሙናውን ከመቀበላቸው በፊት ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ፍሉኮናዞል ስንት ጊዜ እንደወሰድኩ፣ በየጊዜው ለስንት ቀን እንደሆነ፣ ስንት ሚሊ ግራም እንደነበር ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡና፣

«አሠልጥነሃታ!» አሉኝ።

ስድብ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሲያስረዱኝ ገባኝ። እነዚህ እርሾ መሰል ፈንገሶች ካንዲዳ ይባላሉ፤ ዓይነታቸው ግን ብዙ ነው። ካንዲዳ ክሩሴይ የምትባለው ሲፈጥራት ጀምሮ ፍሉኮናዞል አይነካትም። ካንዲዳ ግላብራታ ግማሽ ልብ ናት፤ አንዳንዴ በከፍተኛ መጠን ትረታለች፣ አንዳንዴ አሻፈረኝ ትላለች። በጣም የተለመደችው አልቢካንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታዛዥ ናት። በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋቸው የትኛዋ እንደሆነች በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድላትማ ጭራሽ አይታይም። ጋሼ መጀመሪያ የጠረጠሩት ክሩሴይን ነበር።

ዓይነቷን የሚለዩበት ቀለም ሰጪ ሳህን አላቸው፤ እያንዳንዷ ካንዲዳ በራሷ ቀለም ትበቅልበታለች። የእኔዋ አረንጓዴ ሆነች፤ ያ የአልቢካንስ ቀለም ነው። ጋሼ ግን በቀለም ብቻ አላመኑም። ከሰው ደም ተለይቶ በወጣ ፈሳሽ (ሴረም ይሉታል) ውስጥ ጨምረው በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ አቆዩዋት፤ አልቢካንስ ከሆነች ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ ጅራት የመሰለች ቡቃያ ታወጣለች። አወጣች። እንግዲህ ያቺው ተራዋ፣ ታዛዥዋ ናት ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልሞት አለች?

መልሱን በዓይኔ አሳዩኝ። ሳህኑ ላይ ፈንገሷን እንደ ንጣፍ ዘርግተው መሀሉ ላይ ፍሉኮናዞል ያለበት ትንሽ ክብ ወረቀት ያስቀምጣሉ። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ባዶ ክብ ይታያል። ሳህኑን እንደተከደነ በመስታወቱ በኩል ወደ ብርሃን አነሡልኝ። ባዶ ክብ የለም። እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ጥቅጥቅ ብላ በቅላለች። ያን ያህል ጊዜ ሐኪሞች ከነገሩኝ ሁሉ ይልቅ ያቺ ሳህን ገባችኝ።

ጋሼ እንዳስረዱኝ፣ ፍሉኮናዞል ፈንገሷ የውጭ ሽፋኗን የምትገነባበትን አንድ ኢንዛይም ነው የሚያስረው። እሷ ደግሞ ወይ የኢንዛይሙን ቅርጽ ትለውጥና መድኃኒቱ አልይዝ ይለዋል፣ ወይ ፓምፕ አብዝታ መድኃኒቱን መልሳ ወደ ውጪ ትቀዳዋለች። ሲዲ ፎር የወረደበት ሰው ውስጥ ከመድኃኒት የተረፈችውን የሚጨርስ ወታደር የለም። ኮርሱ በተደጋገመ ቁጥር ደካሞቹ ያልቃሉ፣ መላመድ የቻሉት ይራባሉ። ከሌላ ሰው የመጣብኝ ነገር አይደለም፤ እዚሁ አፌ ውስጥ ያደገች ናት።

በራቸው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ያወጣው የ19 ፈንገሶች ዝርዝር። ስጠብቅ አነበብኩት። እኔ «ተራ» የምላት አልቢካንስ ከላይኛው፣ እጅግ አሳሳቢ ከሚባለው ረድፍ ተቀምጣለች፣ ከካንዲዳ ኦሪስ ጎን። ጋሼ የጠረጠሯት ክሩሴይ ደግሞ ከታችኛው ረድፍ ነው ያለችው። ይህን ሳነሣባቸው ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ያልታዘዙትን አንድ ነገርም ጨመሩ። ፍሉኮናዞልን የተላመደች ፈንገስ የቅርብ ዘመዶቹንም ልትላመድ ትችላለችና ኢትራኮናዞልን አብረው ፈተሹ። እሱ ይሠራል። ለሐኪሟ ራሳቸው ደውለው ነገሯት። ኢንዶስኮፒውም ፈንገሱ ምግብ ቧንቧዬ ውስጥ እንዳለ ስላሳየ ኢትራኮናዞል ፈሳሹን በቀን 200 ሚሊ ግራም ለ21 ቀን አዘዘችልኝ። እሱም ባይሠራ ኖሮ ቀጣዩ ተኝቼ በደም ሥር የሚሰጠኝ ነበር።

ፋርማሲስቱንም ሳላመሰግን አላልፍም። የምወስደውን ሁሉ አንድ በአንድ ካስቆጠረኝ በኋላ ነው የሰጠኝ። ፈሳሹ በባዶ ሆድ፣ እንክብሉ ግን ከምግብ ጋር እንደሚወሰድ፣ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ የእንክብሉን ጉልበት እንደሚያሳጣው፣ የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ ኢትራኮናዞልን ከደም ውስጥ ጠርጎ እንደሚያወጣው ከእሱ ነው የሰማሁት። አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም ከእነዚህ ጋር ይጋጫሉ። ስለዚህ እባካችሁ የእኔን ማዘዣ ለራሳችሁ አትቅዱ።

በአምስተኛው ቀን ገደማ ምራቄን ያለ ሕመም ዋጥኩ። ሌላ ምን ልበል።

ጋሼን ላመሰግን የሄድኩ ዕለት የመለሱልኝ፣ «የእኔ ሳህን ያንተን ሲዲ ፎር አያሳድግም፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒትህን ዋጥ» የሚል ነበር። ዛሬ ሲዲ ፎሬ 231 ነው፣ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም፣ ፈንገሱም አልተመለሰም።

እንከናቸውንም ልናገር። ቁጡ ናቸው። ማመልከቻው ላይ የጎደለ ነገር ካለ መስኮቱን ይዘጉባችኋል። ውጤቱም አይፈጥንም፤ እኔ ከሁለተኛው ናሙና በኋላ ስድስት ቀን ጠብቄያለሁ፣ ፈንገስ ደግሞ ሲቸኩሉት ቶሎ አይበቅልም።

ሁሉም ሰው ወደ እሳቸው ይሂድ ማለቴም አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ የአፍ ፈንገስ ያለ ካልቸር ታክሞ ይድናል፤ በዚያ አታድክሟቸው። ነገር ግን በትክክል ተወስዶ ያልጠራ ወይም እየጠራ ደጋግሞ የሚመለስ ከሆነ፣ ሐኪማችሁን ካልቸርና የመድኃኒት ምርመራ ይታዘዝልኝ በሏት። የምትታከሙበት ቦታ ያ ምርመራ ከሌለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጋሼን ጠይቄ የናሙና መቀበያውን ቀንና ሰዓት እነግራችኋለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ግን አፋችሁን በመድኃኒት እንዳትጉመጠመጡ፤ ስልክ ደውለው የሚያንባርቁት እሳቸው ናቸው።