ሜሪያም ዌብስተር፦ ሁለት ቃላት ይዤ ገብቼ ስፈትሸው

እንግሊዝኛ ለሚያነብም ለሚተረጉምም ሰው የሜሪያም ዌብስተርን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። ነጻ ነው። የድምፅ ምልክቷን ስትነኩ የቃሉን አነባበብ ያሰማችኋል። ኖህ ዌብስተር ትልቁን መዝገበ ቃላት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው፤ በ1843 ሲሞት የሜሪያም ወንድማማቾች መብቱን ገዙት፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ማስታወቂያው ግን ይበዛል፣ በስልክ ሲሆን ደግሞ ያሰለቻል።

የፈተሽኩት ፋንሲፉል (fanciful) እና ዊምዚካል (whimsical) በሚሉት ቃላት ነው። ሁለቱንም "ምናባዊ" ብሎ ማለፍ ይቀናል፣ ግን ትርጉም ያበላሻል። መዝገበ ቃላቱ ዊምዚካልን ሲፈታ "ቀለል ያለ ፋንሲፉል" ዓይነት ነገር ይላችኋል፤ እሺ ብላችሁ ፋንሲፉል ጋ ስትሄዱ ደግሞ ከፍቺዎቹ በአንዱ ውስጥ የዊምዚካል ዘመድ የሆነችው "ዊም" (whim) ቁጭ ብላ ታገኟታላችሁ። ለጀማሪ ይሄ መመላለስ ብቻ ነው። ትልቁ ድክመቱም ይሄ ነው።

ደግነቱ ምሳሌዎቹ አሪፍ ናቸው። ፋንሲፉል ሥር ጫካ ውስጥ ስላለ ጭራቅ የሚወራ ተረት አለ፤ ዊምዚካል ሥር ደግሞ ማስጌጫ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ቁልጭ ይላል። ፋንሲፉል ሐሳቡ ከእውነታው ሲርቅ ነው፤ አለቃችሁ ያቀረባችሁትን እቅድ ፋንሲፉል ካለው እያሞገሳችሁ አይደለም፣ "ይሄ የማይሆን ነገር ነው፣ ተዉት" ማለቱ ነው። ዊምዚካል ግን ፈገግ ያሰኛል። አፉ የዝሆን ኩምቢ የሆነ የሻይ ማንቆርቆሪያ ዊምዚካል ነው፤ ሻዩን በደንብ ይቀዳል፣ ከእውነታው ጋር ምንም ጠብ የለውም። ለሰው ሲሆን ግን ጠንቀቅ በሉ፦ ዛሬ ያለውን ነገ የሚገለብጥ፣ ጠባዩ የማይጨበጥ ማለትም ይሆናል። ይህንንም መዝገበ ቃላቱ አልዘለለውም።

አንዱን በሌላው መተካት እንደማይቻል በደንብ የሚያሳየው የአሜሪካ የንግድ ምልክት ሕግ ነው። እዚያ ፋንሲፉል የሚባለው እንደ ኮዳክ ያለ፣ ቀድሞ ምንም ትርጉም ያልነበረው፣ ለምርቱ ተብሎ የተፈጠረ ስም ነው፤ ጠንካራ ጥበቃ ከሚያገኙት ምልክቶችም አንዱ ነው። ዊምዚካል የሚል ክፍል የለም፣ ስሙ ቢያስቅም ባያስቅም ለሕጉ ጉዳዩ አይደለም።

ከገባችሁ አይቀር ኢማጂነሪ (imaginary) የሚለውን ቃል ከፍታችሁ የተመሳሳይ ቃላት ማብራሪያውን አንብቡ። ኢማጂነሪን፣ ፋንሲፉልንና ፋንታስቲክን ጎን ለጎን አድርጎ በአጭሩ ይለያቸዋል። ዊምዚካል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቢጨምሩት ደስ ይለኛል፣ ተማሪው የሚደናገረው እሱ ላይ ነውና።