ልጄን ከቁጥር ጋር ያስታረቁልኝ መምህርት፦ ለቱሉ ዲምቱና ለኮዬ ፈጬ ወላጆች

ሰላም የሰፈሬ ሰዎች። ይሄን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳመነታ ሰነበትኩ። ጽሁፍ አይሆንልኝም። ዝም ብል ደግሞ ውለታ መብላት ሆነብኝ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባንክ ቤት ካሸር ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ስቆጥር እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ግን ሦስትና አራት ስንት እንደሚሆን ለገዛ ልጄ ማስረዳት ያቅተኝ ነበር። ይሄን ለሥራ ባልደረቦቼ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም።

ልጄን እዚህ ባቢ እንበለው። 6 ዓመቱ ነው፤ ኬጂ 3። በእንግሊዝኛ እስከ መቶ ይዘምራል። አዎ፣ ይዘምራል ነው ያልኩት። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን መሃል አቁሜ "ዋን፣ ቱ፣ ስሪ" አስብለው ነበር። ጭብጨባው ሌላ ነው። አንድ ቀን ወጥ እየሠራሁ "ባቢዬ፣ አምስት ሽንኩርት አምጣልኝ" አልኩት። እቅፉ የቻለውን ያህል ተሸክሞ መጣ። "እስቲ ቁጠረው" አልኩት። አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ላይ ደረሰ። "ታዲያ ስንት ነው?" ስለው እንደገና ከአንድ ጀመረ። "እሺ፣ ስንት ሆነ?" አሁንም ከአንድ። ድንግጥ ያልኩት ያኔ ነው። ለካስ ቁጥሮቹን እንደ መዝሙር ነው የሚያውቃቸው። የመጨረሻዋ ቃል "ይሄን ያህል ነው" ማለት እንደሆነች ማንም አልነገረውም።

ከትምህርት ቤትም ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ "በሂሳብ ድጋፍ ያስፈልገዋል" ተብሎ መጣ። ሩጫው ተጀመረ።

መጀመሪያ የወሰድኩትን ቦታ ስሙን አልጠራም። መሃል ከተማ ነው። ፎቁ ላይ የተሰቀለው ባነር ከኛ ብሎክ ይሰፋል፤ የሚስቁ የፈረንጅ ልጆች አሉበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፉን ተሰልፈን፣ ሁለት ታክሲ ቀይረን፣ ባቢ ጭኔ ላይ እንቅልፍ እየጣለው እንሄዳለን። የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀበሉኝ። በሩ ላይ "ሞንቴሶሪ" የሚል ትልቅ ጽሁፍ አለ፤ ልጆች ዕቃ እየነኩ የሚማሩበት ዘዴ ስም ነው። ስትገቡ ደግሞ የሚያምር የመስታወት ቁም ሳጥን አለ፤ በሽቦ የተሰካ ዶቃ፣ የእንጨት ዘንግ፣ በቀለም በቀለም። ባቢ ገና እንዳየው ሮጦ ሄደ። ተቆልፏል። "እሱ አይነካም" አለችው አንዷ። በሁለት ወር ውስጥ ያ ቁም ሳጥን ሲከፈት አላየሁም። ለልጆቹ የሚታደለው ኮፒ የተደረገ ወረቀት ነው። የወረቀት መዓት።

በጣት መቁጠር ክልክል ነው። ጣቱን ያወጣ ልጅ ካለ ጠረጴዛው በማስመሪያ ይመታል፤ "ኖ ፊንገርስ!" ይባላል። ልጁን አልመቱትም፣ ውሸት አልናገርም። ጠረጴዛውን ነው። ልጄ ግን እጁን ጠረጴዛ ሥር መደበቅ የተማረው እዚያ ነው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። "ልጁ ትንሽ ስሎው ነው" አሉኝ። ባቢ እጄን ይዞ ቆሟል። ይሰማል። እኔ "እሺ" ብዬ ወረድኩ። ያቺ "እሺ" እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። የቀረውን ገንዘቤን ስጠይቅ ደረሰኙን ገልብጠው ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሁፍ አሳዩኝ። አይመለስም።

ቀጥሎ ቤት የሚመጣ አስጠኚ ቀጠርኩ። ስለ እሱ ብዙ አልልም። የልጄን ስም ሳይዝ የዋይፋያችንን ፓስዎርድ ይዞት ነበር።

ያዳነችኝ እንጀራ የምታመጣልኝ ሴት ነች። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ "ልጄ እኮ አሁን የእንጀራውን ሂሳብ ከኔ ቀድማ ነው የምትነግረኝ" አለች። የት ነው ያስተማርሻት? "እዚሁ ነዋ፣ ኮሙናሉ ውስጥ። ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ።" እኔ መሃል ከተማ ድረስ ስንከራተት ሴትዮዋ ከብሎኬ በእግር የ7 ደቂቃ መንገድ ላይ ናቸው! ኮሙናል ማለት፣ ኮንዶሚኒየም ላልኖራችሁ፣ በግ የምናርድበት፣ ለቅሶ የምንቀመጥበት የጋራ ቤት ነው። ለቅሶ ካለ ትምህርቱ ለእሁድ ይዛወራል። "ይሄ ደግሞ ምን ትምህርት ይሆናል" እያልኩ ነው የሄድኩት።

ባነር የለም። ሲሚንቶ ወለል፣ ምንጣፍ፣ ሁለት ረጅም ጠረጴዛ። በየጣሳው የተቆላ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ የለስላሳ ቆርኪ። 8 ልጆች፤ ከዚያ በላይ አይቀበሉም። እሳቸው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

ባቢን አጠገባቸው አስቀመጡት። የሽምብራውን ጣሳ አቀረቡለትና መዳፋቸውን ዘረጉ። "የኔ ጌታ፣ እስቲ ሰባት ስጠኝ።" ባቢ ጣሳውን እንዳለ መዳፋቸው ላይ ገለበጠው። ሽምብራው ምንጣፉን ሞላው። እኔ በሀፍረት ብድግ አልኩ። በዓይናቸው "ተቀመጪ" አሉኝና ሳቁ። "አንተስ ቸር ነህ። እኔ ግን ይሄን ሁሉ አልችልም፣ ጥርሴ ደክሟል። ለኔ ሰባት ይበቃኛል።"

ባቢ ዝም አለ። እጆቹ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ክንዱ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ተደብቆ ጣቱን እየቆጠረ ነው። መምህርቷም አይተውታል። ምንም አላሉም። የራሳቸውን ሁለት እጅ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ዕድሜ ልኩን ጠመኔ የያዘ እጅ፣ አንዱ ጣት አልታጠፍ ያለ። "እኔ ሰባትን እንዲህ ነው የምቆጥረው" ብለው አምስቱን ዘረጉ፤ ከሌላው እጅ ሁለት ጨመሩ። "የአንተን ደግሞ አሳየኝ። ጣት እኮ እግዜር የሰጠን መቁጠሪያ ነው። አውጣው፣ ማንም አይወስድብህም።"

ባቢ እሳቸውን አላየም። ዞሮ እኔን አየኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እስካሁን ባለማስመሪያዎቹን ሳማ ቆየሁ። እኔም ግን አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ በሻማ የቤት ሥራ ሳሠራው እጁን ቸብ አድርጌዋለሁ። "ትልቅ ልጅ በጣቱ አይቆጥርም" ብዬ። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠይቀው እኔን ነበር። ራሴን ነቀነቅኩለት። እጆቹ ቀስ ብለው ወጡ።

አምስት ዘረጋ። ሁለት ጨመረ። ከዚያ በየጣቱ ላይ አንድ አንድ ሽምብራ ሊያስቀምጥ ሞከረ፤ ወደቀበት። እንደገና ሞከረ። ሌላ ቦታ ቢሆን እስካሁን "ቶሎ በል" ተብሏል። እሳቸው ጠበቁት። ሥራዬ ከሰልፍ ጋር ነው፣ ስንት የሚጠብቅ ሰው አያለሁ፤ እንዲህ ፊቱ ሳይከፋ የሚጠብቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። በመጨረሻ ሰባት ሽምብራ ቆጥሮ መዳፋቸው ላይ አኖረ። አንዷን እፍ እፍ ብለው አፋቸው ውስጥ ከተቱና "ውይ፣ አሁንስ ስንት ቀረኝ?" አሉት። "ስድስት!" ድምፁ ኮሙናሉን ሞላው።

ይሄን ለእናቴ ስነግራት በኔ ሳቀችብኝ። "እኔስ 41ዱን ኪርያላይሶን በጣቴ አንጓ አይደል እንዴ የማደርሰው" አለችኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። 41 ላይ ስትሳሳት ግን አይቻት አላውቅም።

አሠራራቸውን በደንብ ላስረዳችሁ ብል አልችልም። ስም አለው፤ ነግረውኛል፤ ረስቼዋለሁ። የገባኝን ያህል፣ መጀመሪያ በእጅ ነው፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ ቁጥሩ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ስለ ሞንቴሶሪም ጠይቄያቸው ነበር። ማሪያ ሞንቴሶሪ ጣሊያናዊት ሐኪም እንደነበረች፣ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በድሆች ሰፈር እንደከፈተች አጫወቱኝ። "ዕቃው እንዲነካ ነው የሠራችው፣ ልጄ" አሉኝ። ያ የመስታወት ቁም ሳጥን ትዝ ብሎኝ ደሜ ፈላ።

የእንቁላል ትሪው ግን ለኔም ገብቶኛል። ባለ 30ው ትሪ 6 በ5 ነው አይደል? በመቀስ ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 2 በ5፣ ማለትም 10 ጉድጓድ። ልጁ ቆርኪ ይደረድርበታል። 7 ሲደረድር አንዱ መስመር ሙሉ ነው፤ ከሌላው ሁለት ተይዞ ሦስት ባዶ ይቀራል። ሳይቆጥር ያየዋል። 13 ሲሆን አንዱ ቁራጭ ይሞላና ሦስቱ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። "አማርኛው ራሱ ይነግርሃል፤ አሥራ ሦስት፣ አሥርና ሦስት" ይሉታል። አብረውት የሚማሩ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች አሉ፤ እነሱም "ኩዸ ሰዲ" ሲሉ ያው አሥርና ሦስት ነው። "ሰርቲን" ውስጥ አሥሩ የት እንዳለ ለ6 ዓመት ልጅ ማን ይንገረው? እሳቸው መጀመሪያ ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ያስቆጥሩታል፤ እንግሊዝኛው ኋላ ይመጣል። አንዲት እናት ይሄን ስትሰማ ልጇን አስወጣች። መብቷ ነው።

ባቢ የወደደው ደግሞ የስንዝሩን ቀን ነው። ጠረጴዛውን በስንዝር ለኩ ተባሉ። ባቢ 9 አለ። መምህርቷ ለኩና 6 አሉ። ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዷ ፈርጠም ብላ "ቲቸር ተሳስተዋል" አለቻቸው። አልተቆጡም። "ይሆናል። እስቲ እጃችንን እናስተያይ" ብለው መዳፍ ለመዳፍ ገጠሙ። ልጅቷ ትንሽ አየችና "ኧረ የእርስዎ እጅ ትልቅ ስለሆነ ነው!" ብላ ጮኸች። ሜትር የሚባል ነገር ለምን እንዳስፈለገ የገባቸው ያን ቀን ነው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ። ገበጣም ያጫውቷቸዋል፤ ሲደርቅ ደጅ መሬት ቆፍረው፣ ሲዘንብ በዚያው በትሪው።

ባለፈው እሁድ ቤቴ ሰው ተሰብስቦ ቡና አፈላሁ። ረከቦቱ ላይ 6 ሲኒ ደርድሬያለሁ። ባቢ በሩ ጋ ቆሞ ሰዉን አየ፣ ረከቦቱን አየ። ማንም አልጠየቀውም። "እማ፣ ሁለት ሲኒ ይጎድላል" ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሁለት ይዞ መጣ። ሁለት! እንደ ሽንኩርቱ በእቅፉ ሙሉ አይደለም። ዓይኔ እንባ ሲያቀር ያዩኝን የእጣኑ ጭስ ነው አልኳቸው።

እንከን የለም አልልም። ሰርተፍኬት የለም። ስልካቸውን ብዙ ጊዜ አያነሱም። ኮሙናሉ መግቢያ ላይ ክረምት ሲገባ ጭቃው አያስኬድም፣ ለልጁ ቦቲ ያስፈልጋል። አንዳንዴ ተረት ይጀምሩና ሰዓቱ ያልፋል። ክፍያቸው ግን ያኔ መሃል ከተማ ለመመላለስ ለታክሲ ከማወጣው ብዙም አይበልጥም።

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ያላችሁ፣ እባካችሁ መሃል ከተማ ከመሮጣችሁ በፊት እሳቸውን እዩ። ራቅ ያለ ሰፈር ያላችሁ ደግሞ፣ የትም ብታስመዘግቡ ሳትከፍሉ አንድ ቀን ገብታችሁ ተቀመጡ። ባነሩን ተዉት፤ የልጆቹን እጅ እዩ። እጃቸው ዕቃ ላይ ነው ወይስ ጠረጴዛ ሥር? አስተማሪው ጥያቄ ጠይቆ ለመልሱ ስንት ጊዜ ይጠብቃል? "ወላጅ አይገባም" ካሏችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጎረቤቴ ልጇን አባከስ (በዶቃ መቁጠሪያ ሂሳብ የሚማሩበት) አስገብታ ደስተኛ ናት፤ ለእሷ ልጅ ሆኗል። ለኔ የሆኑልኝ እኚህ ናቸው። እኚህ ናቸው!

መምህርቴ፣ ይሄን እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ ፌስቡክ የለዎትም። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄን ብቻ አይደለም ያስተማሩት።

ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልለጥፍ ለምነውኛል፤ "ሰው ከበዛብኝ ስምንቱን እንዴት አያለሁ" ብለው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ይዣችሁ እሄዳለሁ። አሁን ቦታው ሙሉ ነው፤ የእሁድ ክፍል ሊጨምሩ እያሰቡ ነው። እስከዚያው የእንቁላል ትሪ አትጣሉ። ብሎካችን ጥበቃ ጋ አስቀምጡልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት እወስደዋለሁ። የተቀደደም ይሆናል፤ የረጠበ ግን አይሆንም።